«በሽታው መድኃኒቱን ለመደው» ሲባል

በሆለታና በሰበታ ዙሪያ ድንች የሚያለሙ ገበሬዎች፣ የረጩት ፀረ ፈንገስ አልሠራ ሲላቸው «በሽታው መድኃኒቱን ለመደው» ይላሉ፤ አባባሉ ግን ያሳስታል፤ አንዱ ተህዋስ በተረጨበት ቁጥር እየጠነከረ አይሄድምና። ተህዋሱ ከሚራባባቸው ብዙ ሚሊዮን ደቃቅ ስፖሮች መካከል፣ መድኃኒቱ የሚያጠቃው ፕሮቲን በዘረመል ለውጥ ቅርፁ የተቀየረባቸው ጥቂቶች አስቀድመውም ይኖራሉ፤ ርጭቱ ሌሎቹን ሲፈጅ እነዚህ ተርፈው ይራቡና፣ እርጥበት ባለበት ማለዳ ከቅጠሉ ሥር እንደ ነጭ ሻጋታ ይታያሉ። የድንች ቅጠል የሚያጠቁረውን በሽታ (ተህዋሱ በጥብቅ ሲታይ ፈንገስ ባይሆንም) ይከላከል የነበረው ሜታላክሲል፣ በ1980 እ.ኤ.አ. በአየርላንድና በኔዘርላንድስ የከሸፈው በዚህ መንገድ ነው። ማንኮዜብ የተባለው ሌላ መድኃኒት ግን ተህዋሱን በብዙ አቅጣጫ ስለሚያጠቃ በቀላሉ አይቋቋመውም። ተህዋሱ እንዳይቋቋም መድኃኒት ሲቀያየርም የንግድ ስሙን ሳይሆን፣ በማሸጊያው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የንጥረ ነገር ስም ማንበብ ያስፈልጋል፤ ስማቸው የተለያየ ሁለት እሽጎች አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ሊይዙ ይችላሉ።