ለመጀመሪያ የአብራሪነት ሥራ ከመፈረም በፊት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ በአየር መንገድ ረዳት አብራሪ ሆኖ ለመቀጠር በመደበኛው መንገድ 1,500 የበረራ ሰዓት ይጠየቃል፤ ዕውቅና ካለው የአቪዬሽን ፕሮግራም በባችለር ዲግሪ ለተመረቀ ወደ 1,000፣ ከጦር ኃይል ለመጣ ወደ 750 ዝቅ ይላል። ያን ሁሉ ሰዓት በበረራ አስተማሪነት ለቅሞ የሞላ ወጣት የመጀመሪያው የቅጥር ደብዳቤ ሲደርሰው ጥያቄ ማብዛት ምስጋና ቢስነት ይመስለዋል። ከሐበሻ ቤት የወጣ ከሆነ ደግሞ "የተገኘውን ያዝ" የሚለው ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣለታል። አየር መንገድ ግን እንደ ሌላ መሥሪያ ቤት አይደለም። ፕሮግራማችሁን፣ ቤዛችሁን (በረራችሁ የሚነሳበትን መደበኛ አየር ማረፊያ)፣ የበዓል እረፍታችሁን፣ ካፒቴን የምትሆኑበትን ጊዜ፣ ቅነሳ ሲመጣም ማን ቀድሞ እንደሚወጣ የሚወስነው ሲኒየሪቲ፣ ማለትም የገባችሁበት ቀን ነው። ኩባንያ የቀየረ ሰው የአሥር ዓመት ካፒቴን ቢሆንም ከዝርዝሩ ግርጌ ይጀምራል። ምርመራው ከፊርማው መቅደም ያለበት ለዚህ ነው።

"አውሮፕላኑ ላይ የተጻፈው ስም ቀጣሪዬ ነው"

አሜሪካን ኢግል፣ ዴልታ ኮኔክሽን፣ ዩናይትድ ኤክስፕረስ የሚሉት የገበያ ስሞች ናቸው። ደመወዝ የሚከፍለው ከኋላቸው ያለው ሪጅናል፣ ማለትም ለትልልቆቹ አጫጭር መስመሮችን የሚበር አነስተኛ አየር መንገድ ነው። ኢንቮይ፣ ፒኤስኤና ፒድሞንት የአሜሪካን ኤርላይንስ ግሩፕ ንብረት ናቸው፤ ኢንዴቨር የዴልታ ነው። ስካይዌስት ግን ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆኖ ለበርካታ ትልልቅ አየር መንገዶች በውል ይበራል። በእንዲህ ያለው ውል ትልቁ አየር መንገድ ትኬቱን ይሸጣል፣ መርሐ ግብሩን ያወጣል፤ ሪጅናሉ ለበረረው በረራ የተወሰነ ክፍያ ይቀበላል። ውሉ ሲነሳ ሥራውም አብሮ ይነሳል። በ2020 ኤፕሪል ትራንስ ስቴትስና ኮምፓስ በቀናት ልዩነት ተዘጉ። ዩናይትድ ሥራውን ለኮሚዩትኤር በመስጠቱ ኤክስፕረስጄትም በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር መጨረሻ ለዩናይትድ መብረሩን አቆመ። የትልቁ ኩባንያ ንብረት መሆንም ዋስትና አይሆንም፤ ዴልታ የራሱን ኮምኤር በ2012 ዘግቶታል።

አክሲዮኑ በገበያ ላይ ያለ ኩባንያ ለሴኩሪቲስና ኤክስቼንጅ ኮሚሽን በየዓመቱ ቴን-ኬ የሚባል ሪፖርት ያስገባል፤ ኤድጋር በተባለው የኮሚሽኑ ገጽ ማንም በነፃ ያነበዋል። ስንት አውሮፕላን ለማን እንደሚበር፣ ውሎቹ መቼ እንደሚያበቁ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ፈልጉ። ከአውሮፕላኖቹ አብዛኞቹ በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ውላቸው የሚያልቅ ከሆነ ለቀጣሪው ባለሙያ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን።

"ቦነሱ ትልቅ ከሆነ ክፍያው ጥሩ ነው"

ስሌቱ የሚጀምረው ከሰዓት ክፍያውና ከወርኃዊው የዋስትና ሰዓት፣ ማለትም ባትበሩም ከሚከፈላችሁ ዝቅተኛ ሰዓት ነው። ሰዓቱ 90 ዶላር፣ ዋስትናው 75 ሰዓት ከሆነ በወር 6,750፣ በዓመት 81,000 ዶላር ነው፤ ከግብር በፊት። በሥልጠና ወራት የሚከፈለው ከዚህ ሊያንስ ስለሚችል ለብቻው ጠይቁ። የሦስተኛውን ዓመት ክፍያም ከመጀመሪያው ጋር አነጻጽሩ፤ መግቢያው አጓጊ ሆኖ ቀጥሎ ያለው የማይንቀሳቀስበት ሠንጠረዥ አለ።

ቦነስ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የማገልገል ግዴታ ይከተለዋል። ደብዳቤው ላይ አራት ነገሮች ፈልጉ፦ ቀድማችሁ ከለቀቃችሁ የሚመለሰው ሙሉው ነው ወይስ በአገለገላችሁት ወር ልክ ይቀነሳል? የሚመለሰው ከግብር በፊት ያለው መጠን ነው ወይስ እጃችሁ የገባው? ኩባንያው ራሱ ቢቀንሳችሁስ? ሥልጠናውን ብትወድቁስ? ከቦነስ ላይ የፌዴራል ግብር ብዙውን ጊዜ 22 በመቶ ቀድሞ ስለሚቆረጥ፣ 20,000 ዶላር ተብሎ 15,600 የተቀበለ ሰው ሙሉውን 20,000 መልስ ሊባል ይችላል። የሥልጠና ወጪ ይመለስ የሚል አንቀጽ ካለ የሥራ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ሳያየው አትፈርሙ።

"የኅብረት ስምምነቱን ከገባሁ በኋላ አነበዋለሁ"

የቅጥር ደብዳቤው ጥቂት ገጽ ነው፤ ኑሯችሁን የሚገዛው በመቶ የሚቆጠር ገጽ ያለው የአብራሪዎቹ የኅብረት ስምምነት፣ ማለትም ማኅበራቸው ከኩባንያው ጋር የተፈራረመው ውል ነው። እዚያ የሚሠራ አብራሪ ፈልጋችሁ ስለ መርሐ ግብር፣ ስለ ተጠባባቂነት፣ ስለ ሕመምና ድካም የሚናገሩትን ክፍሎች አብራችሁ አንብቡ።

ሕጉ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛውን ወለል ብቻ ነው። ለመንገደኛ አየር መንገዶች ከ2014 ጀምሮ በሚሠራው ደንብ መሠረት ከሥራ በፊት 10 ሰዓት እረፍት፣ በውስጡም 8 ሰዓት ለመተኛት የሚሆን ያልተቋረጠ ጊዜ ይሰጣል፤ በ168 ሰዓት ውስጥ 30 ተከታታይ ነፃ ሰዓት ይኖራል፤ በ365 ቀን ከ1,000 ሰዓት በላይ አይበረርም። ደንቡ የደከመ አብራሪ እንዳይበር ይከለክላል። "ደክሞኛል" ያለው አብራሪ የዚያ ቀን ክፍያው ይቆረጥ አይቆረጥ፣ ከሕመም ፈቃዱ ይነሳ አይነሳ የሚወስነው ግን ስምምነቱ ነው። ኩባንያን ከኩባንያ የሚለየው ይህ አንቀጽ ነው ብለን እናምናለን፤ እውነትን መናገር ገንዘብ የሚያስከፍልበት ቦታ ሰው ደክሞ ይበራል።

"ካፒቴንነት በአንድ ዓመት" የሚለው ማስታወቂያ

ካፒቴን ለመሆን በአየር መንገድ ሥራ 1,000 ሰዓት ያስፈልጋል። በወር 80 ሰዓት የሚበር ሰው በ12 ወር ተኩል ይሞላዋል። በተጠባባቂነት ተቀምጦ በወር 30 ሰዓት ብቻ የሚበር ግን 33 ወር ይፈጅበታል። ኩባንያው ረዳት አብራሪ አብዝቶ ካፒቴን ካነሰው አዲሶቹ ቤት ይቀመጣሉ። ይህ ሌላ መዘዝም አለው፦ አዲስ አብራሪ የብቃት ፈተናውን ባለፈ በ120 ቀን ውስጥ 100 ሰዓት መብረር አለበት፤ ካልሞላለት ማራዘሚያና ተጨማሪ ሥልጠና ይመጣል። ስለዚህ "ካፒቴን ለመሆን ስንት ጊዜ ይፈጃል?" ብላችሁ አትጠይቁ። "ባለፉት ስድስት ወራት የገቡት በወር ስንት ሰዓት እየበረሩ ነው?" በሉ።

ወደ ትልቁ አየር መንገድ የመሸጋገሪያ ተስፋም በተመሳሳይ መንገድ በቁጥር ይፈተሻል። ከፊታችሁ 1,200 ሰው ቢኖርና በወር 15 ቢሻገር 80 ወር ነው። ትልቁ ቅጥር ሲያቆም፣ በ2020 እንደሆነው፣ መስመሩም ይቆማል።

"አደጋ አድርሶ የማያውቅ ኩባንያ ደህና ነው"

ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 ከኒውዋርክ ወደ ባፋሎ ይበር የነበረ አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰው ሞተ፤ አንዱ መሬት ላይ የነበረ ነው። መንገደኛው ትኬት የገዛው ከኮንቲኔንታል ሲሆን አብራሪዎቹን የቀጠረው ኮልጋን ኤር ነበር። የብሔራዊ ትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ምርመራ ካፒቴኑ ለፍጥነት ማነስ ማስጠንቀቂያ የሰጠው ምላሽ የተሳሳተ እንደነበር ገልጿል፤ ረዳት አብራሪዋ ሌሊቱን ከሲያትል ተጉዛ እንደመጣች፣ ካፒቴኑም ለሥራው ሲያመለክት ያልገለጻቸው የወደቁ ፈተናዎች እንደነበሩት አሳይቷል። የ1,500 ሰዓቱ ሕግ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ኮልጋንን በአደጋ ብዛት ብቻ የመዘነ ሰው እነዚህን ድክመቶች አያይም ነበር።

የቦርዱ ሪፖርቶች በድረ ገጹ በነፃ ይነበባሉ። የምትቀጠሩበትን ስም ከአደጋዎች ባሻገር በቀላል ክስተቶችም ፈልጉት፤ ተመሳሳይ ስህተት ተደጋግሞ ካያችሁ መጠየቅ ይገባል። አብራሪ ስህተቱን ሳይቀጣ የሚያሳውቅበት ፕሮግራም መኖሩን፣ የበረራ መረጃ እየተሰበሰበ መተንተኑንም ጠይቁ።

"ቤዙ የትም ቢሆን ችግር የለም፣ ከቤቴ በነፃ ተሳፍሬ እመላለሳለሁ"

ለሠራተኛ የነፃ ወንበር የሚገኘው ያልተያዘ ወንበር ሲኖር ነው። ቤታችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤዛችሁ ዲትሮይት ከሆነና ተጠባባቂነታችሁ በሁለት ሰዓት ጥሪ ከሆነ፣ ለአራት ቀን ሥራ ከዋዜማው ጀምሮ እዚያ ማደር አለባችሁ። የጋራ ማረፊያ ክፍሉን ኪራይ ከደመወዙ ላይ ቀንሳችሁ አስሉ። ሁለት በረራ ሞክሮ ወንበር ያጣ አብራሪን ከቅጣት የሚጠብቅ አንቀጽ በስምምነቱ ውስጥ መኖሩንም እዩ።

"ሥልጠናው ካልተሳካ ሌላ ቦታ እሞክራለሁ"

የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የአብራሪዎች መረጃ ቋት የወደቁ ፈተናዎችንና የተቋረጠ ሥልጠናን ይመዘግባል፤ መዝገቡ አብራሪው እስኪሞት ወይም 99 ዓመት እስኪሞላው ይቆያል። ስለዚህ ተጨማሪ የሲሙሌተር (በረራን አስመስሎ የሚያለማምድ መሣሪያ) ክፍለ ጊዜ በቀላሉ ይሰጥ እንደሆነ፣ በክፍል ውስጥ ትምህርቱና በሲሙሌተሩ መካከል ስንት ሳምንት እንደሚያልፍ ቀድማችሁ ጠይቁ። ሳምንታት ካለፉ የተማራችሁት ይረሳል፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው።

"ደብዳቤው ከደረሰኝ ሥራ ይዣለሁ"

ደብዳቤው በቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ ነው፤ ሲኒየሪቲ የሚቆጠረውም የኩባንያው የሥልጠና ክፍል ከገባችሁ በኋላ ነው። በ2024 ቅጥር ሲቀዘቅዝ ደብዳቤ ይዘው ወራት የጠበቁ ብዙ ነበሩ። ሥልጠናው የሚጀመርበት ቀን በጽሑፍ ሳይደርሳችሁ የማስተማር ሥራችሁን አትልቀቁ። በግሪን ካርድ ያላችሁና የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ደግሞ ኩባንያው የሚበርባቸውን አገሮች ዝርዝር አውጥታችሁ ቪዛ የሚጠይቀውን ለዩ፤ መሥፈርቱ ወደ አሜሪካና ወደ መዳረሻዎቹ ያለ ገደብ ገብቶ መውጣት ስለሆነ መልሱን ከቅጥር ክፍሉ በኢሜይል ተቀበሉ።