ክታብ ምንድን ነው?

የእህቴ አማት ከዘጌ በጀልባ መጡ። የግቢያቸውን ቡና በጨርቅ ቋጥረው ይዘዋል። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ያለው የእህቴ ቤት እንደገቡ ሕፃኑን ታቀፉና «ተከትቧል?» አሉ። እህቴ ኮራ ብላ «አዎ እማማ፣ የአርባ አምስት ቀኑን ወስዷል» አለች። የክትባት ካርዱንም አወጣች። እሳቸው ካርዱን ዞር ብለውም አላዩት። የልጁን ባዶ አንገት በጣታቸው ነካ አድርገው «እሱን አላልኩም» አሉ።

ሁለቱም አልተሳሳቱም። ክትባትና ክታብ የአንድ ግሥ ልጆች ናቸው። ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነው። ዓረብኛም «ኪታብ» ሲል መጽሐፍ ማለቱ ነው። ዘመናዊው መርፌ ወደ አገራችን ሲመጣ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ግሥ ነው። ስለዚህ አንዲት የዘጌ እናት «ልጁን አስከትቡት» ቢሉ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ ማለታቸው ይሁን ደብተራ ፈልጉ ማለታቸው መጠየቅ ግድ ይላል።

ክታብ ከክፉ ዓይን፣ ከበሽታና ከርኩስ መንፈስ ይጠብቃል ተብሎ የሚያዝ ጽሑፍ ነው። «ጽሑፍ» የምትለዋን ያዙልኝ። አንገት ላይ የምናየው የቆዳ ኪስ ወይም የብር ቀለም ያላት ትንሽ ቱቦ ማኅደሩ ብቻ ነው። ዋናው ነገር ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ማተብ ደግሞ ሌላ ነው። ማተብ ክርስትና ሲነሱ የሚታሰር የእምነት ምልክት ነው። ብዙ ሰው ክታቡን በማተቡ ላይ ስለሚያንጠለጥለው ነው ሁለቱ የሚምታቱት።

ትልቁ የክታብ ዓይነት የብራና ጥቅልል ነው። የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ተፍቆ፣ በቁራጭ በቁራጩ ተሰፍቶ ይረዝማል። እስከምን ድረስ? በልማዱ እስከ ባለቤቱ ቁመት ድረስ። ሰውየው ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲሸፈን ነው። ጽሑፉ ግዕዝ ነው፣ በጥቁር ቀለም። የጸሎቱ መነሻና የተቀደሱ ስሞች በቀይ ይጻፋሉ። በየመሐሉም የባለቤቱ ስም ይገባል፤ የዓለም ስሙ ሳይሆን የክርስትና ስሙ። «ለገብርኤል ልጅ ለእንትና» ዓይነት ጥቅል ነገር አይሠራም። ልክ እንደ ሐኪም ማዘዣ፣ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ድሮ ባለቤቱ ሲሞት ወይም ክታቡ ሲሸጥ ስሙ ተፍቆ የሌላ ሰው ስም የገባባቸው ጥቅልሎች አሉ። ሰው ያገለገለ ነገር መግዛት የጀመረው ዛሬ አይደለም።

ከጸሎቶቹ መካከል ለእኛ ጉዳይ የሚቀርበው ስለ «ሕማመ ዓይነት» የሚደገመው ነው። ዓይነት የዓይን ሕመም ሳትሆን ራሷ ክፉ ዓይን ናት። ታሪኩ ሐይቅ ዳር ይጀምራል። ጌታ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር በጥብርያዶስ ባሕር አጠገብ ሲያልፍ፣ መልኳ የሚያስፈራ አሮጊት ያያሉ። ደቀ መዛሙርቱ ማን እንደሆነች ይጠይቃሉ። ዓይነት ራሷ ናት። መጨረሻዋ መቃጠልና አመዷ በነፋስ መበተን ነው። ይህን ታሪክ ጣና ዳር ያደገ ሰው ሲሰማው የጥብርያዶስን ባሕር በምን እንደሚተካው መገመት አያቅትም።

ሌላው የአራስ ቤት ጸሎት ነው፣ የሱስንዮስ። ጎርጎራን መናገሻው ያደረገው ንጉሥ እንዳይመስላችሁ። ይህኛው ውርዝልያ የምትባለውን ሕፃናት ገዳይ በፈረስ አሳድዶ በጦር የወጋ ቅዱስ ነው። የሚገርመው ታሪኩ የእኛ ብቻ አለመሆኑ ነው። በግሪኩ የቢዛንታይን ዓለምም ሲሲኒዮስ የሚባል ቅዱስ ሕፃናት የምትገድል ሴት ያሳድዳል። የሷ ስም ይቀየራል እንጂ ሥራዋ ያው ነው።

በጥቅልሉ ላይ ከጽሑፉ ቀጥሎ የሚይዛችሁ ሥዕሉ ነው። ሰይፍ የመዘዙ መላእክት፣ ኮከብ የመሰለ ቅርጽ፣ በመሐሉ ፊት። ከሁሉም በላይ ግን ዓይን። ትልልቅ፣ የተበለጠጠ፣ ቀጥታ የሚያይ ዓይን። ይህ ሥዕል ጠልሰም ይባላል። ቃሉ በዓረብኛ በኩል የመጣ የግሪክ ቃል ነው። ዓይኑ የተሣለው ለማማር አይደለም። በሽተኛው ትክ ብሎ እንዲያየው ነው፤ ያደረበት መንፈስ በሰውየው ዓይን በኩል ሥዕሉን አይቶ ይደነግጣል፣ ይሸሻል ይባላል።

ዘጌ ያለው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ግድግዳውን እዩ። ቅዱሳኑ በሁለት ዓይን ይመለከቷችኋል። ክፉዎቹ ግን በጎን ነው የሚሣሉት፣ በአንድ ዓይን። ይህ የአገራችን ሠዓሊዎች የቆየ ወግ ነው። አስጎብኚዎች «ክፉ ሰው ግማሽ ፊት ነው» ብለው ያልፉታል። እኔ ግን ከጥቅልሉ ጋር አያይዤ ነው የማየው። ለደጉ ሁለት ዓይን ሰጥቶ፣ የክፉውን አንዱን ከተመልካች የሚሸሽግ ሠዓሊ ዓይን ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ያውቃል።

ዓይን የሚፈራው አገር ብዙ ነው። አንድ ተመራማሪ በ1976 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ከ186 የዓለም ማኅበረሰቦች 36 በመቶ በሚሆኑት እምነቱን አግኝቶታል። መካከለኛው ምሥራቅ፣ የሜዲትራኒያን ዙሪያ፣ ደቡብ እስያና ሰሜን አፍሪካ ይበዛል። ጣልያን ቀይ ቀንድ ያንጠለጥላል። ሕንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሎሚና ቃሪያ ይሰቅላል፤ ሕፃንንም ሆን ብሎ በኩል ነጥብ ያበላሸዋል፣ ፍጹም ቆንጆ እንዳይሆን። ሙስሊሙም አይሁዱም የተዘረጋ እጅ ያደርጋሉ፤ አንዱ የፋጢማ፣ ሌላው የማርያም እጅ ይለዋል። ማርያም ስል የሙሴን እህት ነው። በማቴዎስ ወንጌል 20፥15 የወይኑ ጌታ ሠራተኛውን «ዓይንህ ምቀኛ ናትን?» ይለዋል። ምቀኝነት ዓይን ውስጥ ነው የሚኖረው የሚለው ሐሳብ ይህን ያህል የቆየ ነው።

አሁን ባሕር ዳር ውስጥ ባጃጅ መስታወት ላይ የምናየው ሰማያዊ የመስታወት ዓይን የቱርኮች ነው። ናዛር ይሉታል። ቃሉ በዓረብኛ ማየት ማለት ነው። ኢዝሚር አጠገብ በዚሁ ሥራ ስሟ ናዛርኮይ የተባለ መንደር አለች። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢሞጂ ሆኖ ስልካችን ውስጥ ገባ። አንዱን ባለባጃጅ «ይህ ምንድን ነው?» ብለው «ጌጥ ነው ባክህ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን «ባጃጇ አዲስ ናት፣ ሰው ያያል» አለ።

ከነዚህ ሁሉ የእኛን የሚለየው እንግዲህ ያ ጽሑፍነቱ ነው። ዶቃው ለማንም ይሆናል። ክታብ ግን ስምህን ያውቃል። የአገራችን ሙስሊምም የቁርኣን አንቀጽ አስጽፎ በቆዳ አሰፍቶ ይይዛል። የሃይማኖት አባቶች፣ በሁለቱም ወገን፣ ደስ አይላቸውም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አስማተኞችን ሲያሳድድ ነበር። ክታቡ ግን አልጠፋም። የሚጽፈው ራሱ ቤተ ክህነት ያስተማረችው ደብተራ ስለሆነ ይመስለኛል።

አሁን ደስ ወደማይለው እንምጣ። እኛ ዘንድ ክፉ ዓይን ባለቤት ተሰጥቶታል። ቡዳ ተብሎ ጣት የሚቀሰርበት ሰው ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው ነበር። በጎንደር በኩል ቤተ እስራኤላውያን ይህን ስም ብዙ ተሸክመዋል። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እስከ መባል ደርሷል። «ጠይብ» የሚለው ስድብ እንኳ ከ«ጠቢብ» የወጣ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። አስቡት እንግዲህ። ክታቡ የሚገባበትን የብር ቱቦ ማን ሠራው? ጠገራውን፣ ዓመቱ 1780 ላይ የቆመውን የማሪያ ትሬዛ ብር፣ አቅልጦ የሚያነጥር ባለእጅ ነው። የሚፈራውም ያው ባለእጅ። ከዓይኑ የሚጠብቀንን ነገር በእጁ አሠርተን፣ ከእሱው ለመጠበቅ አንገታችን ላይ አሰርነው።

ዛሬም ቢሆን ቀልድ አይደለም። ሕፃን ትኩሳት ሲይዘው «ዓይን ነው» ተብሎ በጢስ ሲታጠን የሚባክነው ሰዓት ሰዓት ነው። ፌጦና ጤና አዳም ቤት ውስጥ ቢኖር አልቃወምም። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ግን።

ወደ ሽምብጥ ልመልሳችሁ። የእህቴ አማት በሚቀጥለው ጉዟቸው ትንሽ የቆዳ ክታብ ይዘው መጡ። ጣት አታክልም። እህቴ አልተከራከረችም፤ ልጁ አንገት ላይ አሰረችለት። የሁለተኛው ዙር ክትባት ደረሰና ሦስታችን ይዘነው ሄድን። ነርሷ ክታቧን አየች። ምንም አላለችም። ጭኑ ላይ ወጋችው፣ እሱም ጮኸ። ከዚያ ካርዱን ስባ ቀኑን ሞላች።

እማማ ወደ ካርዱ ጎንበስ ብለው ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«በየትኛው ስሙ ነው የጻፈችው?»

«በዓለም ስሙ» አልኳቸው።

«አይ» አሉ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ታዲያ እንዴት ይሠራል?»