የገዛኸው ዲቪዲ የማን ነው? ዲጂታል ቁልፍና ፌር ዩዝ

(ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ የኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ)

ዲአርኤም የሚባለው ነገር ባጭሩ ፊልም፣ ዘፈን፣ ኢመጽሐፍ ወይ ሶፍትዌር ላይ የሚገጠም ቁልፍ ነው። ፋይሉ በኮድ ተቆልፎ ይሸጥልሃል፣ መክፈቻው ማጫወቻው ወይ አፑ ውስጥ ተደብቋል፣ ከፍለህ ታያለህ እንጂ መክፈቻው እጅህ አይገባም። ፌር ዩዝ ደግሞ የአሜሪካ የኮፒራይት ህግ ለተጠቃሚው ያስቀረለት ቦታ ነው፣ ለትችት፣ ለማስተማር፣ ለዜና፣ ለጥናት ባለመብቱን ሳታስፈቅድ ከስራው መውሰድ ትችላለህ። የ1976ቱ ህግ አንቀጽ 107 ላይ ተጽፏል፣ ዳኛው አራት ነገር ያያል፦ ለምን ተጠቀምክበት፣ ስራው ምን አይነት ነው፣ ምን ያህሉን ወሰድክ፣ ገበያውን ጎዳህበት ወይ። ቁልፉ ግን ከነዚህ አንዱንም መጠየቅ አይችልም፣ አስተማሪም ሆነ ሸቃይ ለሱ እኩል ነው፣ ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ለተጠቃሚው ያደላ ነበር። ሶኒ ቤታማክስ የተባለውን የቪዲዮ ዴክ ሲሸጥ ዩኒቨርሳልና ዲዝኒ ሰዉ ከቲቪ ላይ ፊልም እየቀዳ ነው ብለው ከሰሱት፣ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1984 በ5 ለ4 ድምጽ ሶኒ አሸነፈ። ቤቱ ቁጭ ብሎ በኋላ ላየው ብሎ የሚቀዳ ሰው ፌር ዩዝ ነው ያደረገው ተባለ። አንድ ድምጽ ወደዛ ቢሄድ ኖሮ ዴክ የሚባለው ነገር ምን ይሆን እንደነበር አስቡት።

ከዛ በ1996 የአለም የአእምሮአዊ ንብረት ድርጅት ስምምነት መጣ፣ አሜሪካም ያንን ተከትላ በ1998 ዲኤምሲኤ የተባለውን ህግ አወጣች፣ ክሊንተን ናቸው የፈረሙት። እዚህ ህግ ውስጥ አንቀጽ 1201 የሚባል አለ፣ የሚለውም ቁልፉን መስበር ራሱ ክልክል ነው፣ መስበሪያ መሳሪያ መስራትና ማከፋፈልም ክልክል ነው። ልብ በሉ፣ ከሰበርክ በኋላ ያደረግከው ነገር ፌር ዩዝ ሊሆን ይችላል፣ መስበሩ ግን ለብቻው ያስጠይቅሃል። ፌር ዩዝን ማንም አልሰረዘውም፣ አንቀጹ አሁንም እዛው አለ፣ መድረሻው መንገድ ነው የተዘጋው።

ይሄ ቁልጭ ብሎ የታየው ዲቪዲ ላይ ነው። የስቱዲዮ ዲቪዲዎች ሲኤስኤስ በሚባል ባለ 40 ቢት ቁልፍ ነው የተቆለፉት (40 ቢት በዛን ጊዜም ቢሆን ደካማ ነበር)። ከዛ ላይ ደግሞ ሪጅን ኮድ አለ፣ አሜሪካ 1፣ አውሮፓና የገልፍ አገሮች 2፣ ኢትዮጵያ 5። ስለዚህ ዋሽንግተን ያለ ዘመድ በህጋዊ መንገድ ገዝቶ የላከልህን ዲስክ አዲስ አበባ ያለው ማጫወቻ አላውቀውም ሊል ይችላል፣ የኮምፒውተር ድራይቭ ከሆነ ሪጅኑን የምትቀይረው 5 ጊዜ ብቻ ነው ከዛ በኋላ ባለበት ይቆለፋል። ይሄ እንግዲህ ከኮፒ ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም፣ ገበያ መከፋፈያ ነው። ቪሲዲ ሪጅን የሚባል ነገር ስለሌለው የትም ይጫወታል።

በ1999 ዮን ዮሃንሰን የተባለ የ15 ዓመት የኖርዌይ ልጅ ስማቸው ካልታወቀ ሁለት ሰዎች ጋር ሆኖ ሲኤስኤስን የምትሰብር ዲሲኤስኤስ የተባለች ፕሮግራም ለቀቀ። ሊኑክስ ለሚባለው የኮምፒውተር ስርዓት (በዊንዶውስ ፈንታ የሚሰራ) ፈቃድ ያለው የዲቪዲ ማጫወቻ ስላልነበረ የገዛሁትን ፊልም ኮምፒውተሬ ላይ ልይበት ነው ያለው። ፖሊስ ቤቱ ሄዶ ኮምፒውተሩን ወሰደ፣ ተከሰሰ፣ 2003 መጀመሪያ ላይ ኦስሎ ያለው ፍርድ ቤት ነጻ አለው፣ አቃቤ ህግ ይግባኝ ጠየቀ፣ ዓመቱ ሳያልቅ እንደገና ነጻ ወጣ። ሰዉ በመሃል ኮዱን ቲሸርት ላይ እያሳተመ ይለብስ ነበር፣ በግጥም የጻፈውም አለ።

አሜሪካ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ኒውዮርክ ያለ የሀከሮች መጽሔት ፕሮግራሟን ስላሰራጨ ተከሰሰና በ2001 ይግባኝ ላይም ተሸነፈ። ፍርድ ቤቱ ያለው ነገር እስከዛሬ ይገርመኛል፣ ፌር ዩዝ ማለት በምትፈልገው ጥራት ወይ ዘዴ ኮፒ የማድረግ መብት አይደለም፣ ከፈለክ ስክሪኑ ላይ ካሜራ ደግነህ መቅረጽ ትችላለህ ነው ያለው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ በ2009 የፊልም ስቱዲዮዎቹ ማህበር አስተማሪዎች ከዲቪዲ ቅንጫቢ ለመውሰድ ቁልፍ መስበር አያስፈልጋቸውም ለማለት ቲቪ ፊት ካሜራ ተደግኖ ሲቀረጽ የሚያሳይ ቪዲዮ ይዞ ማን ቁልፍ መስበር ይፈቀድለት የሚለውን የሚወስኑት ባለስልጣናት ስብሰባ ላይ ቀርቧል። ፓይሬት የፊልም ሌቦች ሲኒማ ገብተው የሚያደርጉትን ማለት ነው'ኮ።

ያ ስብሰባ በየሶስት ዓመቱ የሚደረግ ነው። የኮንግረስ ላይብረሪ ኃላፊ ለእነእገሌ መስበር ይፈቀድ እያለ ዝርዝር ያወጣል፣ የፊልም መምህራን በ2006፣ ስልክ ጄልብሬክ ማድረግ (ኩባንያው ያልፈቀደውን አፕ ለመጫን ቁልፉን መስበር) በ2010፣ ገበሬ ትራክተሩን ለመጠገን በ2015 ገብተዋል። እዚጋ ያለው ቀዳዳ ታዲያ ለሰው መስበር ይፈቀዳል እንጂ መስበሪያውን መስራትና ማከፋፈል አይፈቀድም፣ አስተማሪዋ ፕሮግራሚንግ ካልቻለች ፈቃዱን ይዛ ቁጭ ነው።

የስልኩ ነገር እኛንም ይነካል። ከአሜሪካ የተላከ ስልክ ሲም አልቀበል ብሎ ዲኮድ ለማስደረግ ሱቅ ለሱቅ ያልዞረ ጥቂት ነው፣ ቁልፉ ያው ቁልፍ ነው፣ ኩባንያው ደንበኛው እንዳይሸሽ ያደረገው። በ2013 አሜሪካ ውስጥ ስልክ ዲኮድ የማድረጉ ፈቃድ ሳይታደስ ቀርቶ ህገወጥ ሆኖ ነበር፣ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ለዋይት ሀውስ ፈርሞ በ2014 በህግ ተመለሰ።

ሙዚቃው ላይ አምራቾቹ ራሳቸውን ነው ያዋረዱት። በ2005 ሶኒ ቢኤምጂ ሲዲዎቹ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ተደብቆ የሚጫን ሩትኪት ማስገባቱን ማርክ ሩሲኖቪች የተባለ ባለሙያ አጋለጠ፣ ቫይረሶችም ተደራርበው እዛው መደበቅ ጀመሩ። የኩባንያው ኃላፊ ራዲዮ ላይ ቀርቦ አብዛኛው ሰው ሩትኪት ምን እንደሆነ አያውቅም ታዲያ ምን ያስጨንቀዋል አለ። ክስ ተደራረበባቸው፣ ሲዲዎቹ ተሰበሰቡ። በ2009 አፕልም አይቱንስ ላይ የሚሸጠውን ዘፈን ያለ ቁልፍ አደረገው፣ ፊልምና መጽሐፍ ግን እንደተቆለፉ ቀሩ።

ሌላ አገር ህጉ ይለያያል። እስራኤል በ2007 ባወጣችው ህግ ፌር ዩዝን ብታስገባም ቁልፍ መስበርን የሚከለክል አንቀጽ አልጨመረችም። እንግሊዝ በ2014 ለግል ኮፒ ማድረግን ፈቀደች፣ ዓመት ሳይሞላ ፍርድ ቤት ሻረው። የኛ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. አንድ ሰው ለራሱ ብቻ አንድ ኮፒ ቢያደርግ ባለመብቱ መከልከል አይችልም ይላል፣ ሙሉ መጽሐፍ ግን እዚህ ውስጥ አይገባም። ሱቅ ሄዶ ሚሞሪ ላይ ዘፈን ማስጫንም ከዚህ ጋር አይያያዝም፣ ሱቁ እየሸጠ ነዋ።

አሁን ጭቅጭቁ ወደ ኢመጽሐፍ ሄዷል። አማዞን በ2009 የጆርጅ ኦርዌልን መጽሐፎች ሻጩ መብት አልነበረውም ብሎ ከገዢዎች ኪንድል (የአማዞን የመጽሐፍ ማንበቢያ) ላይ በርቀት አጠፋቸው፣ ብሩን መልሶ፣ ቤዞስም ይቅርታ ጠየቁ። በ2019 ማይክሮሶፍት የመጽሐፍ ሱቁን ሲዘጋ የተሸጡት ሁሉ አብረው ጠፉ። ካሊፎርኒያ ከ2025 ጀምሮ በሚሰራ ህግ ዲጂታል ነገር የሚሸጥ ሁሉ የሚሰጠው ፈቃድ እንጂ ንብረት እንዳልሆነ በግልጽ ሳይናገር ግዛ የሚል ቃል መጠቀም እንዳይችል አድርጋለች። ከዚህ ነጻ ከሆኑት አንዱ ይሄ ነው፣ ገዢው አውርዶ ያለ ኢንተርኔት የሚያስቀምጠውና ሻጩ መልሶ ሊነጥቀው የማይችል ፋይል።