ልቡና፣ ፍትወትና ጾታ በጥንታውያን የአይሁድ መጻሕፍት

ሰው ክፉውን እያወቀ ለምን እንደሚመርጠው የጠየቁ የጥንት አይሁድ ጸሐፍት መልሱን ብዙ ጊዜ ከጾታ ጋር አያይዘውታል። መጽሐፈ ምሳሌ በ9ኛው ምዕራፍ ጥበብንም ስንፍናንም በሴት መስሎ፣ ሁለቱም መንገደኛውን ወደ ቤታቸው ሲጠሩት ያሳያል፤ ምክሩን የሚሰማው ግን ወንድ ልጅ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተጻፈው መጽሐፈ ሲራክ በ25ኛው ምዕራፍ የኃጢአትን መነሻ ከሴት ይቆጥራል፤ በ15ኛው ምዕራፍ ደግሞ ሰው ሁሉ በገዛ ፈቃዱ እጅ እንደ ተተወ ያስተምራል።

ሐሳቡን ወደ ፍልስፍና ያሻገረው በክርስቶስ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው አይሁዳዊ ፈላስፋ ፊሎን ነው። ኦሪት ዘፍጥረትን ሲተረጉም አዳምን በልቡና (በአእምሮ)፣ ሔዋንን በስሜት ሕዋሳት፣ እባቡንም በተድላ ይመስላል፤ ውድቀት ማለትም ተድላ በሕዋሳት በኩል ገብታ ልቡናን መማረኳ ነው። ልቡናና ሕዋሳት በወንድም በሴትም ዘንድ ያሉ ቢሆኑም፣ ገዢው በወንድ ተገዢው በሴት መመሰሉ የዘመኑን የቤት ሥርዓት ወደ ነፍስ ውስጥ አስገብቶታል። ይኸው ሊቅ ግን በማሬዎቲስ ሐይቅ አጠገብ ስለሚኖሩ ባሕታውያን ሲጽፍ፣ ከወንዶቹ ጋር ለጥበብ የተለዩ ሴቶችን በአድናቆት ያወሳል።

በግሪክኛ የተደረሰውና በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከሚነበቡት የመቃብያን መጻሕፍት የሚለየው አራተኛው መቃብያን፣ ልቡና በፍትወታት ላይ እንደሚሠለጥን ለማስረዳት ሰባት ልጆቿ አይሁድን ባሳደደው በንጉሥ አንጥያኮስ ትእዛዝ ተሠቃይተው ሲገደሉ የጸናችውን እናት በምስክርነት ያቀርባል። ደራሲው የእናት ፍቅር ምን ያህል ጽኑ እንደ ሆነ በሰፊው ይተነትናል፤ ፍቅሩ በበረታ መጠን ድሏም ይገንናልና። ሆኖም ሲያወድሳት በትዕግሥት ከወንዶች ይልቅ ወንድ ሆነች ይላል፤ የከበረችው የወንድ በተባለ መለኪያ ነው።

በጸሐፍቱ መካከል ያለው ልዩነት ጎልቶ የሚታየው የያዕቆብ ልጅ ሮቤል ከአባቱ ቁባት ከባላ ጋር በተኛበት ታሪክ ነው። ኦሪት በአንድ ቁጥር ያለፈውን ነገር መጽሐፈ ኩፋሌ፣ ሙሉ ይዘቱ በግዕዝ ብቻ የተጠበቀልን መጽሐፍ፣ በ33ኛው ምዕራፉ ያሰፋዋል፤ ሮቤል ተደብቆ ገባ፣ ባላ ተኝታ ነበር፣ ነቅታ ጮኸች፣ አፈረች፣ አለቀሰች፣ ለያዕቆብም ነገረችው። ኪዳነ ሮቤል የተባለው ድርሰት ግን ባላን ሰክራ ራቁቷን የተኛች አድርጎ ያቀርብና፣ ሮቤል ጥፋቱን ቢናዘዝም፣ ወዲያው ሴቶች ለዝሙት መንፈስ ከወንዶች ይልቅ እንደሚገዙ ወደ ማስጠንቀቅ ይሻገራል። የባላን ጩኸት የመዘገበልን ኩፋሌ ነው።