የወረዳ ዳኛ ሹመት ምንድን ነው?

በዚህ ወር ብቻ ስሰማው ሦስተኛዬ ነው። መጀመሪያ ለቅሶ ቤት፣ ቀጥሎ ፍርድ ቤት በር ላይ፣ አሁን ደግሞ ተጽፎ አነበብኩት፦ «የወረዳ ዳኞች አሿሿም ይለወጥ። ባሕር ዳር ያለው ምክር ቤት እኛን አያውቀንም። ወረዳችን ይሹማቸው፣ ካጠፉም ወረዳችን ያውርዳቸው።» ደሴ ላይ በጥብቅና የምተዳደር ሰው ነኝና ዝም ማለት አቃተኝ።

ጣጣው ያለው «ሹመት» በምትለው ቃል ላይ ነው። ጸሐፊው ቃሏን ከአስተዳዳሪ ሹመት ወስዷታል። አስተዳዳሪ ይሾማል፣ ይሻራል፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የተባለውም ለእሱ ነው። ዳኛ ላይ ግን የሿሚው እጅ እንዲያጥር ተደርጓል። በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 81 የክልሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ዕጩ ያቀርባል፣ የክልሉ ምክር ቤት ይሾማል። ከዚያ ወዲያ ምክር ቤቱ ፍርድ ስላልጣመው ብቻ ዳኛ ማንሳት አይችልም። አንቀጽ 79 እንደሚለው ዳኛ ከጡረታው በፊት ያለፈቃዱ የሚነሳው ጉባኤው በዲሲፕሊን ጥፋት፣ በጉልህ የችሎታና የቅልጥፍና ማነስ ወይም በሕመም ምክንያት ሲወስንና ምክር ቤቱ ውሳኔውን ከግማሽ በላይ በሆነ ድምፅ ሲያጸድቀው ነው።

ቆቦ አካባቢ በመስኖ የሚያርስ ሰው የውኃ አባትን ያውቃል። ተጠቃሚዎቹ ይመርጡታል፣ ተራ ያወጣል፣ ካዳላ ያወርዱታል። ዳኛስ ለምን እንዲህ አይሆንም? ይሁን፣ ቦዩን ተከትለን እንሂድ። ከቦዩ ራስ ላይ ሰፊ ማሳ ያለው አንድ ሰው አለ እንበል። ውኃው መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ዘንድ ነው፣ የቦይ ጠረጋ የሚያዘውም እሱ ነው። የውኃ አባቱን እሱ ቢሾም፣ ሲከፋውም እሱ ቢሽር፣ የታችኛው ሰው ማሽላ በማን ተራ ይጠጣል? የወረዳ አስተዳደር ማለት ያ ሰው ነው። የይዞታ ደብተር የሚሰጠው እሱ፣ መሬት የሚያስለቅቀው እሱ፣ በካሳ ጉዳይ ተከሶ ችሎት የሚቆመውም እሱ። «አስተዳዳሪው ሳይሆን የወረዳው ምክር ቤት ይሹም» ትሉኝ ይሆናል። የወረዳ ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ግማሽ ቀን የተቀመጠ ሰው እንዲህ አይለኝም።

ደግሞም አዲስ ሐሳብ አይደለም። በንጉሡ ዘመን የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ለፍርድ ቤቱም ሰብሳቢ ነበር። ከሳሽ በገዢው ላይ የነበረውን አቤቱታ ለማን እንደሚያቀርብ እናንተው አስቡት።

ማኅበራዊ ፍርድ ቤትን ምሳሌ አድርጎ ማምጣትም አያዋጣም፤ እዚያ ከቀበሌው ነዋሪ የተመረጡ ሰዎች ጥቃቅን ጉዳይ ነው የሚያዩት። አበጋሮቻችንም፣ የወሎ የአገር ሽማግሌዎች፣ ሥራቸው ማስታረቅ ነው። ቃዲው ዘንድ የሚኬደውም ሁለቱም ወገን ሲስማሙ ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ይህን ያስገድዳል።

አሁን ለጸሐፊው የምሰጠው አንድ ነገር አለ። የሹመቱን ምንጭ ከወረዳው አርቀን ጠብቀን፣ ቦዩ መሀል ላይ ይሰርጋል። የፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት፣ ወረቀቱ፣ መኪናው ከማን ይገኛል? ለውጥ የሚፈልግ ሰው እዚህ ላይ ቢጮህ አብሬው እጮኻለሁ። አንድ ጊዜ በያዝኩት የመሬት ክርክር ዳኛው ማሳውን በቦታው ተገኝተው ማየት ነበረባቸው። ፍርድ ቤቱ መኪና ስላልነበረው የለመኑት ከተከሳሹ መሥሪያ ቤት ነው። በተከሳሹ መኪና ሲደርሱ፣ ደንበኛዬ ሽማግሌው ሰውዬ ከንጋት ጀምረው በእግራቸው መጥተው ከማሳው ዳር ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር።