የእስስት ማደሪያ፦ የሙቀትና የእርጥበት አያያዝ

እስስትን በቤት ማሳደግ ከምግቡ በፊት አየሩን ማዘጋጀት የሚጠይቅ ሥራ ነው። እስስት እንደ ሌሎቹ ገበሎ አስተኔዎች (እንደ እባብና እንሽላሊት) ሰውነቷን የምታሞቀው ከውጭ በምታገኘው ሙቀት ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ትሞቃለች፣ ሲበቃት ወደ ጥላ ትገባለች። ውሃ የምትጠጣው ደግሞ ቅጠል ላይ ያረፈ ጠብታ እየላሰች ነው፤ በሳህን የተቀመጠ ውሃ አጠገቧ እያለ ልትጠማ ትችላለች። በዱር ሁለቱንም እየተዘዋወረች ታገኛለች፤ ሳጥን ውስጥ ስትገባ ግን ምርጫው በአሳዳጊው እጅ ይወድቃል።

በቤት በብዛት ከሚያድጉት መካከል ሦስቱ ከተለያየ አየር የመጡ ናቸው። የየመን እስስት የየመንና የደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ ተራሮችና ሸለቆዎች ልጅ ናት። የፓንተር እስስት የምትገኘው በሰሜንና በምሥራቅ ማዳጋስካር ዝቅተኛና ወበቃማ የባሕር ዳርቻ ነው። ወንዱ ባለ ሦስት ቀንድ የሆነው የጃክሰን እስስት ደግሞ ሌሊቱ በሚቀዘቅዘው የኬንያ ደጋ ይኖራል፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ወደ ሃዋይ ተወስዶ ከተለቀቀ በኋላ በእርጥቦቹ ኮረብቶች ላይ ተራብቷል። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ቁጥር የሚሰጥ መመሪያ ቢያንስ ሁለቱን ይበድላል። ኢትዮጵያም የራሷ የደጋ እስስቶች አሏት፤ በባሌ ተራሮች ብቻ የሚገኝ ዝርያም አለ። እነዚህ ከአጥርና ከጫካ ተይዘው ሳጥን ውስጥ መግባት የለባቸውም። የእስስት ዓለም አቀፍ ንግድ በሳይተስ (ለመጥፋት የሚያሰጉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚገዛው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ቁጥጥር ሥር ነው፤ ለማሳደግ የሚመረጠውም በሰው እጅ የተፈለፈለ ነው።

ብዙ አሳዳጊዎች ሙቀትንና እርጥበትን ለየብቻ ያያሉ፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የእርጥበት መለኪያ የሚያሳየው በመቶኛ የተሰላ ቁጥር አየሩ ሊሸከም ከሚችለው የውሃ ተን ምን ያህሉን እንደያዘ ነው፤ አየር ደግሞ ሲሞቅ ብዙ፣ ሲቀዘቅዝ ጥቂት ይሸከማል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 23 ግራም ገደማ ተን ይይዛል፤ በ16 ዲግሪ ግን 13.6 ግራም ያህል ብቻ። ስለዚህ ቀን በ25 ዲግሪ 50 በመቶ የነበረው አየር፣ አንድ ጠብታ ሳይጨመርበት ሌሊት ወደ 16 ዲግሪ ሲወርድ 85 በመቶ ገደማ ይሆናል። ተራራ ላይ ቀኑ ደረቅ፣ ንጋቱ ጤዛማ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የየመን እስስት የለመደችው ይህን ዑደት ነው፦ ሞቃትና ደረቅ ያለ ቀን፣ ቀዝቃዛና እርጥብ ሌሊት። ቀንና ሌሊት ሳይለይ ሞቆና ረጥቦ የሚውል ማደሪያ ግን ለባክቴሪያና ለሻጋታ ይመቻል፤ እስስቷንም ለመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን ያጋልጣል።

የቀኑ ሙቀት ከላይ ከተሰቀለ አምፖል ይመጣል። ለአዋቂ ወንድ የየመን እስስት መሞቂያው ቅርንጫፍ ላይ ከ29 እስከ 31 ዲግሪ ይበቃል፤ ከዚያ ወደ ታች ሙቀቱ እየቀነሰ በማደሪያው ግርጌ ወደ 22 ወይም 23 ዲግሪ ሊወርድ ይገባል። ቁመት የሚፈለገውም ለዚህ ነው፤ ለአዋቂ የሚመከረው 60 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 120 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ማደሪያ ለእስስቷ የምትመርጥበት ቦታ ይሰጣታል። ለሴቷ 27 ዲግሪ ገደማ ይመረጣል። የየመን ሴት እስስት ወንድ ባትገናኝም እንቁላል ትጥላለች፤ ብዙ ሙቀትና ብዙ ምግብ ሲደመሩ የእንቁላሉ ቁጥር ይጨምራል፣ ሸክሙም አካሏን ይጎዳል። ሕፃናቱም ቢሆኑ ትንሽ አካላቸው ቶሎ ስለሚሞቅና ቶሎ ስለሚደርቅ ብርቱ አምፖል አይችሉም።

አምፖሉ ከመሞቂያው ቅርንጫፍ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ከማደሪያው ውስጥም መግባት የለበትም። የፀሐይ ሙቀት ሰፊ ነው፤ የአምፖል ጨረር ግን በጠባብ ቦታ ያርፋል። ውስጧ ገና ያልሞቀ እስስት ይበልጥ እየተጠጋች ጀርባዋን ወይም የራሷን ቁንጮ ልታቃጥል ትችላለች፤ ቁስሉም የሚታየው ከቀናት በኋላ ሊሆን ይችላል። የክፍሉ ሙቀት ሲለዋወጥ የአምፖሉን ኃይል የሚቀንስ ማስተካከያ መግጠም ይጠቅማል። ሌሊት ግን አምፖል ሁሉ ይጥፋ፤ ቀዩም ሰማያዊውም። ለየመን እስስት ከ15 እስከ 20 ዲግሪ የሚደርስ የሌሊት ቅዝቃዜ ዕረፍት እንጂ ጉዳት አይደለም።

ለአጥንት የሚያስፈልገው የዩቪቢ (በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለ፣ ዓይን የማያየው ጨረር) መብራት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዋና ሥራው ማሞቅ አይደለም። መስኮት ዳር ማስቀመጥም አይተካውም፤ መስታወት ዩቪቢውን ያስቀርና ሙቀቱን ያሳልፋል። በቀጥታ ፀሐይ ላይ የተተወ የመስታወት ማደሪያ በደቂቃዎች ውስጥ እስስት ሊገድል ይችላል።

እርጥበቱ እንግዲህ በሰዓት ይከፈላል። ጠዋት መብራቱ ሳይበራ በፊት ለሁለት ደቂቃ ያህል ውሃ በቅጠሎቹ ላይ ይረጫል፤ እስስቷ ነቅታ ትጠጣለች፣ ከዚያ ሙቀቱ ቅጠሉን ያደርቀዋል። ለየመን እስስት ቀን ከ30 እስከ 50 በመቶ በቂ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ማዘጋጀት የጠማትን ይረዳል። ማታ መብራቱ ከጠፋ በኋላ እንደገና ይረጫል፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ደግሞ የጉም ማሽን እርጥበቱን ከ80 በመቶ በላይ ያደርሰዋል። ጉም የሚለቀቀው ግን ክፍሉ ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ መርጨቱ ይበቃል። የማሽኑ ውሃ ንጹሕ፣ ጋኑም በየጊዜው የሚታጠብ ይሁን፤ ካልሆነ ማሽኑ ጀርሙን ከጉሙ ጋር ይነፋዋል። ቀን በአምፖል ሥር ጉም መልቀቅ የውበት ፎቶ እንጂ እንክብካቤ አይደለም።

የማደሪያው ግድግዳ ዓይነት የሚመረጠው በክፍሉ አየር ነው። በወንፊት የተሠራ ማደሪያ አየሩን በነፃ ስለሚያስተላልፍ የክፍሉን ጠባይ ይወስዳል፤ ሞቃትና እርጥብ አገር ላይ ይህ ጥሩ ነው። ክረምቱ በሚከፋበት ሚኒሶታ ወይም ስዊድን ግን ነገሩ ይለያል። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የሆነ የውጭ አየር በሜትር ኩብ ከ2 ግራም ብዙም የማይበልጥ ተን ስለሚይዝ፣ ቤት ገብቶ 21 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በታች ይሆናል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ የአየር ማቀዝቀዣ ክፍሉን ያደርቃል። በእነዚህ ቤቶች ሦስቱን ጎን በፕላስቲክ መሸፈን፣ ወይም ከታችና ከላይ አየር የሚያስገባ ድብልቅ ማደሪያ መምረጥ ይሻላል። ላዩ ግን አይታፈን። የማቀዝቀዣው ንፋስ በቀጥታ እንዳይነፍስባትም መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሕይወት ያለው ተክል ከማናቸውም መሣሪያ ይልቅ ሁለቱን ነገሮች ያስታርቃል። ፖቶስ፣ ሸፍሌራ ወይም ሂቢስከስ ጥላ ይሰጣል፣ ከቅጠሉ ተን ያወጣል፣ ጠብታም ይይዛል። በቅጠል በተሸፈነ ማደሪያ ውስጥ እስስቷ አሳዳጊው የሳተውን ቁጥር ራሷ ቦታ በመቀየር ታርመዋለች። የየመን እስስት ቅጠል ስለምትበላ ግን ፀረ ተባይ የተረጨበት ተክል አይገባም።

መለኪያው ዲጂታል ሆኖ ሁለት ቦታ ይሰቀል፦ አንዱ መሞቂያው አጠገብ፣ ሌላው መካከል ላይ በጥላ። ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን የሚያስታውስ ዓይነት ሌሊቱን ያስነብባል።

ከመለኪያው ባልተናነሰ እስስቷ ራሷ ትናገራለች። ጠዋት ጥቁር ብላ ሰውነቷን ጠፍጣፋ አድርጋ መብራት ሥር መቆሟ የተለመደ ነው፤ ጨለማ ቀለም ሙቀት ይስባል። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ከዋለች ብርድ፣ ጭንቀት ወይም ሕመም አለባት ማለት ነው። ገርጥታ አፏን ከፍታ ከመብራቱ ስትሸሽ ሙቀቱ በዝቷል፤ አምፖሉ ወዲያው ይጥፋ፣ ለብ ያለ ውሃም በስሱ ይረጭ። ከኩሷ ጋር የሚወጣው ነጭ ክፍል ወደ ብርቱካንማ ሲለወጥ፣ ዓይኖቿም ሲጎደጉዱ ውሃ አንሷታል። ሙቀቱ ልክ ሆኖ ሳለ አፏን ከፍታ ወደ ላይ አንጋጣ የምትተነፍስ፣ ሲር ሲር የሚል ድምፅ የምታሰማ፣ ወይም በቀን ዓይኗን ጨፍና የምትውል እስስት ማደሪያዋን በማስተካከል ብቻ አትድንም፤ ሳይዘገይ ገበሎ አስተኔዎችን ወደሚያክም የእንስሳት ሐኪም መወሰድ አለባት።