«ባለ ግርማ ሞገስ»፦ ፍርሃትና መወደድ የተጣመሩበት ቃል

በጎንደር አንድ ወጣት ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ሌላ አገር ሲሰናበት፣ ሽማግሌዎች «ግርማ ሞገስ ይስጥህ» ብለው ይመርቁታል፤ «መልክ ይስጥህ» ግን አይሉትም። መልክ አብሮ የተወለደ ነው፤ ግርማ ሞገስ ግን ከላይ ተሰጥቶ እንደ ካባ የሚደረብ ነው። «ግርማ ሞገስ የተላበሰ»፣ «የተጎናጸፈ» መባሉም ከዚሁ አስተሳሰብ የመጣ ይመስለኛል።

ሁለቱም ቃላት የግእዝ ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ተቃራኒ ነው። «ግርማ» የወጣበት «ገረመ» የተባለው ግስ ከማስፈራትና ከማስደንገጥ ጋር የተያያዘ ነው። በዳዊት 90ኛ መዝሙር «ወኢትፈርህ እምግርማ ሌሊት» ሲደገም የሚሰማው የሌሊቱ ውበት ሳይሆን የጨለማው አስፈሪነት ነው፤ ገዳማውያኑ «ግርማ ሌሊቱን፣ ድምፀ አራዊቱን» ታግሠው ኖሩ ሲባልም እንዲሁ ነው። ዛሬ ለጣፈጠ ወጥ ሳይቀር የምንናገረው «ግሩም» የዚሁ ግስ ልጅ ሲሆን፣ በግእዙ የሚያስፈራ ነገር መጠሪያ ነበር። ፍርሃቱ እየለዘበ መደነቅ፣ መደነቁም ምስጋና ሆነ።

«ሞገስ» ደግሞ በሌላው ዓይን ተወዶ መገኘት ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ቁጥር 52 «በጥበብና በቁመት በሞገስም በእግዚአብሔርና በሰው ፊት ያድግ ነበር» ይላል። «በሰው ፊት» የሚለው ልብ ይባል፤ ሞገስ ያለ ተመልካች አይኖርምና።

እንግዲህ ግርማ ብቻ ያለው ሰው ይፈራል፣ ሞገስ ብቻ ያለው ይወደዳል። ባለ ግርማ ሞገስ የሚባለው ሲገባ ሰው ሳያስበው ብድግ የሚልለት፣ ሲወጣ ደግሞ «ምነው ትንሽ በቆዩ» የሚባልለት ነው። ደርባባ ከዚህ ይለያል፤ ዘወትር ለሴት የሚነገር ሆኖ የአቀማመጥንና የአረማመድን እርጋታ ያመለክታል እንጂ የሚያስፈራ ነገር የለበትም።

ጎንደር ለዚህ ቃል ሁነኛ ምስክር አላት። የዐፄ በካፋ ባለቤት፣ በቁስቋም ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ፣ ስማቸው ራሱ «ምንኛ ውብ ናት» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1730 በካፋ ሲሞቱ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ነገሠ፤ እሳቸውም ዘውድ ጭነው አብረውት ሲገዙ የነገሡበት ስም «ብርሃን ሞገሳ» ሆነ፤ ሞገሷ ብርሃን የሆነ እንደ ማለት። ውበቱ በመጠሪያው ስለነበረ፣ ዙፋኑ የጨመረላቸው ሌላ ውበትን ሳይሆን ሞገስን ነበር።

ጸሐፊዎች የፋሲል ግንብንም «ግርማ ሞገስ የተላበሰ» ማለት ይወድዳሉ። ግርማውን አልክድም፤ ሞገሱን ግን ለሰው ብንተወው እመርጣለሁ።